ሁሉም የኦንላይን ሥልጠናውን ጨርሷል፣ ሥራው ላይ ግን ለውጥ የለም። ምን ይሻላል?

ከሰው ኃይል ክፍል፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ውስጥ ነው። ቅርንጫፎቻችን እስከ ወረዳ ድረስ የተበተኑ ናቸው። ሠራተኛውን አዲስ አበባ እየጠሩ ማሠልጠን ከበደን፤ ትራንስፖርቱ አለ፣ አበሉ አለ፣ መስኮቱ ላይ የሚተካ ሰው መፈለጉ አለ። ስለዚህ ሙድል በሚባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሲስተም ላይ ማሠልጠን ጀመርን። የመጀመሪያው ርዕስ ደንበኛን ስለማወቅና በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ ስለማስመሰል ነው። በአካል ይሰጥ የነበረው ፓወርፖይንት እንዳለ ተጫነ፣ ረጅም ቪዲዮ ተጨመረበት፣ መጨረሻ ላይ ፈተና አለው። ሪፖርቱ ያምራል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ጨርሷል፣ ውጤቱም ከፍ ያለ ነው። የውስጥ ኦዲት ግን አሁንም ያንኑ ነው የሚያመጣው፤ ያልተሟላ ፎርም፣ ጊዜው ያለፈበት መታወቂያ፣ የገቢ ምንጩ ሳይጠየቅ የተከፈተ ሒሳብ። አለቆቼ ቪዲዮው በአኒሜሽን ይሠራ እያሉ ነው። በጀት ከመጠየቄ በፊት የናንተን ሐሳብ ብሰማ ደስ ይለኛል።

ሥልጠና አዘጋጅ፦
እህቴ፣ ገንዘቡን አኒሜሽን ላይ አታጥፊው። ችግሩ የቪዲዮው ማማር አለማማር አይደለም። ፓወርፖይንቱ የተዘጋጀው አሠልጣኙ ፊት ለፊት ቆሞ እንዲያስረዳበት ነው፤ እሱ ሲቀር የሚተርፈው አንቀጽ ብቻ ነው።

በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልን ከሚከለክለው አዋጅ ሳይሆን ከኦዲት ሪፖርቱ ጀምሪ። ደጋግመው የመጡትን ሦስት አራት ስህተቶች ምረጪና ቅርንጫፍ ደውለሽ ያ ስህተት የሚፈጠረው መቼ እንደሆነ ጠይቂ። ወረፋው ሲበዛ ነው? ደንበኛው የሥራ አስኪያጁ ወዳጅ ሲሆን ነው? ወይስ ፎርሙ ራሱ ግራ ያጋባል? ፎርሙ ከሆነ ሥልጠና አያድነውም፣ ፎርሙን ማስተካከል ነው።

ከዚያ ገጠመኝ ጻፊ። አንድ ደንበኛ ጠዋት ጥሬ ገንዘብ ያስገባል፣ ከሰዓት ወንድሙ እዚያው ሒሳብ ላይ ይጨምራል፣ በማግስቱ ከሌላ ቅርንጫፍ ይገባል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ለመንግሥት ሪፖርት ከሚደረግበት መጠን በታች ነው። ሠራተኛው ምን ያደርጋል? ለማን ይናገራል? ደንበኛው «ምነው፣ ችግር አለ?» ብሎ ቢጠይቀውስ ምን ይለዋል? ሪፖርት እንደተደረገበት ለደንበኛው መንገር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አዋጁ በስንት ዓመተ ምህረት እንደወጣ የሚጠይቅ ፈተና ይህን አይለካም።

ደግሞ አንዴ አስተምሮ መተው አይሠራም። ኤቢንግሃውስ የሚባለው ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. የሰው ልጅ የተማረውን ምን ያህል ቶሎ እንደሚረሳ ራሱ ላይ ሞክሮ አሳይቷል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ጽሑፉን ደግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተሻሉ ሆነው ታዩ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት ናቸው። ስለዚህ በየሳምንቱ ሁለት ጥያቄ በቴሌግራም ላኪ፣ ከረጅሙ ቪዲዮ የበለጠ ይጠቅምሻል።

ካሸር ነኝ፦
ከመስኮቱ ወዲያ ያለሁት እኔ ስለሆንኩ ልናገር። እኛ ጋ ሥልጠናው ሲመጣ «እስከ ዓርብ ጨርሱ» ይባላል፣ ሰዓት ግን አይሰጥም። ቪዲዮውን ከፍተን ደንበኛ እናስተናግዳለን፣ መልሱ በግሩፕ ይዞራል፣ ፈተናው እስኪታለፍ ይደጋገማል። ሰነፍ ሆነን አይደለም። ማታ ቤት እንሥራው ካልን ደግሞ ዳታው ከኪሳችን ነው። በአካል ሲሆን አበል ነበረው፣ ከሌላ ቅርንጫፍ ሰው ጋር እንገናኛለን፣ «እናንተ ጋ ይሄ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ» እንባባላለን። ኦንላይኑ ሁለቱንም ወሰደብን። የቴሌግራሙ ጥያቄ ጥሩ ነው፣ ግን ከሥራ ሰዓት ውጭ ከመጣ ሌላ ሸክም ይሆናል። ረቡዕ ጠዋት ቅርንጫፉ ሳይከፈት ግማሽ ሰዓት ስጡንና አንድ ገጠመኝ አብረን እንወያይበት። አለቃችንም አብሮን ይቀመጥ፤ እሱ «ደንበኛውን አታጉላሉት» እያለ እኛ ብቻ ብንሠለጥን ምን ዋጋ አለው?

የአይቲ ሰው፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። ቴክኒኩን ልጨምር። የሙድል የስልክ አፕ ላይ ትምህርቱን ዋይፋይ ባለበት አውርዶ ያለ ኔትወርክ መማር ይቻላል። ፈተናም ኦፍላይን እንዲሠራ ሴቲንጉ ላይ መፍቀድ ትችያለሽ፤ ግን የሰዓት ገደብ ካለው አይሆንም፣ ውጤቱም ኔትወርክ ሲገኝ ነው የሚተላለፈው። ቪዲዮውን ቆራርጪውና ጥራቱን ቀንሺው፤ ሰው ሲያወራ ብቻ የሚያሳየውን ድምፅ ብቻ አድርጊው። መልስ እንዳይዞር የጥያቄ ባንክ (ብዙ ጥያቄ የተከማቸበት ማለት ነው) ሠርተሽ ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ጥያቄ እንዲመጣ አድርጊ።

ከሰው ኃይል ክፍል፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ካሸሩን። የረቡዑን ሐሳብ ነገ አቀርባለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ አለቆቼ የሚያዩት ስንት ሰው እንደጨረሰ ብቻ ነው። ይህን እንዴት ላስቀይራቸው?

ሥልጠና አዘጋጅ፦
አትከራከሪያቸው፣ አሳዪያቸው። ኪርክፓትሪክ የሚባለው አሜሪካዊ ምሁር ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሥልጠናን ውጤት በአራት ደረጃ ከፍሎታል፤ ሰልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ ሥራው ላይ ተገበረው ወይ፣ ተቋሙ ተጠቀመ ወይ። የናንተ ሪፖርት ሁለተኛውንም በቅጡ አልነካም። ጥቂት ቅርንጫፎችን መርጠሽ በአዲሱ መንገድ ጀምሪ፣ ሌሎቹ በነበሩበት ይቆዩ። ከዚያ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ኦዲቱ ከሁለቱም ወገን ያገኘውን ያልተሟላ ፎርም ጎን ለጎን አስቀምጪላቸው። ኦዲተሮቹን ግን ከአሁኑ አናግሪያቸው፤ አቆጣጠራቸው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ከተለያየ ማወዳደር አትችዪም።