ረቂቅ ዕቅድ፦ ወጣት ሯጮቻችን የኮሌጅ ስኮላርሺፕ እንዲያገኙ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ እሑድ ጠዋት ከልምምድ በኋላ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ተቀምጠን የተነጋገርንበትን ሐሳብ እንዲህ አርቅቄዋለሁ፦ «ማኅበሩ ተማሪ ሯጮችን መርጦ የአሜሪካ ኮሌጆችን የስፖርት ስኮላርሺፕ እንዲያገኙ በልምምድ ያዘጋጃል።» እርማታችሁን እጠብቃለሁ።

የቀድሞ የ5,000 ሜትር ሯጭ፦ ለረቂቁ አመሰግናለሁ፤ ሆኖም «በልምምድ» በሚለው ቃል አልስማማም። ልጆቻችን በሩጫ አይታሙም፤ የሚያስቀራቸው ወረቀት ነው። እኔ ራሴ ዕድሉን ባገኘሁበት ዘመን የአባቴ ስም በትራንስክሪፕቴ ላይ በሁለት «ኤስ»፣ በፓስፖርቴ ላይ ደግሞ በአንድ «ኤስ» ተጽፎ ስለነበር፣ ያንን ለማስተካከል ከቢሮ ቢሮ ስመላለስ የመመዝገቢያው ጊዜ አለፈብኝ። ኤንሲኤኤ የተባለው የኮሌጆች የስፖርት ማኅበር በዲቪዥን 1 (በከፍተኛው የውድድር ደረጃ) ለመወዳደር 16 ዋና ዋና የትምህርት ዓይነቶችንና ከ4.0 ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ይጠይቃል፤ ውጤቱ የሚቆጠረውም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ስለሆነ፣ 12ኛ ክፍል ላይ የደረሰን ልጅ ጠርተን ብናስጠና ብዙም አንረዳውም። ከ2023 ወዲህ ኤንሲኤኤ ኤስኤቲ የተባለውን የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና ባይጠይቅም፣ የእንግሊዝኛ ችሎታ ማስረጃን ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ።

አሠልጣኝ፦ ጋሼ፣ ያሉት ልክ ነው። ነገር ግን ክለብ ደመወዝ ሲያቀርብለት ቤተሰቡን የሚረዳ ልጅ እንዴት እምቢ ይበል?

የቀድሞ ሯጭ፦ እምቢ በል አንለውም። ሆኖም ደመወዙ የአማተርነት (ያለ ክፍያ የመወዳደር) ጥያቄ ሊያስነሣበት እንደሚችል፣ ከተመረቀ በኋላ ዓመታትን እየተወዳደረ ከቆየም ኮሌጅ ሲገባ የመወዳደሪያ ዘመኑ ሊቀነስበት እንደሚችል ከመፈረሙ በፊት ሊያውቅ ይገባል። አውቆ ከፈረመ ምርጫው የራሱ ነው።

አንዲት ወላጅ፦ ስኮላርሺፑ ሙሉ ነው ብለን ለልጆቹ ቃል አንግባ። ብዙ ጊዜ ከፊል ስለሆነ ቀሪውን የሚሸፍን ገንዘብ መኖሩ በቪዛ ጊዜ ይጠየቃል። ይህም በዕቅዱ ይካተት።

ጸሐፊው፦ ተካቷል። አንቀጹም እንዲህ ተሻሽሏል፦ «ማኅበሩ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ተማሪ ሯጮችን ይመዘግባል፤ የትምህርት ማስረጃቸውንና የስማቸውን አጻጻፍ በየዓመቱ ይመረምራል፤ ክለብ ከመግባታቸው በፊት እነርሱንና ወላጆቻቸውን ያማክራል፤ ስለ ስኮላርሺፑ መጠንና ስለሚቀረው ወጪም አስቀድሞ ያስረዳል።» ልምምዱ እንደ ወትሮው ይቀጥላል። በመጪው እሑድ እያንዳንዱ ልጅ የውጤት ካርዱንና፣ ካለው፣ ፓስፖርቱን ይዞ ይምጣ።