እህቴ ሊባኖስ ውስጥ በጦርነቱ ሞተች፤ አስከሬኗን ጎንደር ለማምጣት ከየት ልጀምር?

የቀሃ ልጅ (ጥቅምት 2017)

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ምከሩኝ።

ታናሽ እህቴ ደቡብ ሊባኖስ፣ ነበቲዬ አካባቢ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። መስከረም 13 የእስራኤል ድብደባ ሲበረታ አሠሪዎቿ ወደ ቤይሩት ሸሹ፤ እሷን «ቤቱን ጠብቂ» ብለው ትተዋት ሄዱ። ከቀናት በኋላ ሰፈሩ ተመታ። የሰማነው ከጓደኛዋ በኢሞ ነው። አስከሬኗ ሰይዳ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው ብላናለች፤ እሷም ግን በዓይኗ አላየችም፣ አሠሪው ነው የነገራት።

መዳሟ ስልክ አታነሣም። ፓስፖርቷም ኢቃማዋም (የመኖሪያ ፈቃዷ) እነሱ እጅ ነው። አንድ ሰው ደግሞ በቴሌግራም «ሁሉንም ጨርሼ ቦሌ አደርስላችኋለሁ፣ ግማሹን አሁን ላኩ» እያለን ነው። አጎቶቼ ማዋጣት ጀምረዋል፣ እኔን ግን ሆዴ እሺ አላለኝም።

እናታችን ገና አልሰማችም። ጠዋት ጠዋት «ዛሬስ ደወለች?» ትለኛለች። ከዘመዱ ገሚሱ መርዶው አሁኑኑ ይነገራት ይላል፣ ገሚሱ አስከሬኑ ሲመጣ ይላል። እዚያው ትቀበር የሚልም አለ። እኔ ከአባታችን ጎን እንድታርፍ ነው የምፈልገው።

ቤይሩት የኖርኩ

ወንድምዓለም፣ ነፍስ ይማር፤ እናንተን እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ቤይሩት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ የሀገሬ ልጆች ሲሞቱም ወረቀታቸውን ከሚከታተሉት አንዷ ነበርኩ።

ለቴሌግራሙ ሰውዬ አምስት ሳንቲም እንዳትልኩ። ቤይሩት ያለው ቆንስላችን ሳይፈርም አስከሬን ከሊባኖስ አይወጣም። ያ ሰው እውነተኛ ከሆነ የቆንስላውን ደብዳቤ ያሳያችሁ፤ ከሌለው ሐዘናችሁን ሊነግድበት ነው።

ከሁሉ በፊት እሷ መሆኗ ይረጋገጥ። ይህን የምልህ ባዶ ተስፋ ልሰጥህ አይደለም። በድብደባ ጊዜ ሆስፒታሉ በአስከሬን ይጨናነቃል፣ ፓስፖርት ያልያዘች የሐበሻ ልጅ ደግሞ «ኢትዮጵያዊት» ተብላ ብቻ ልትመዘገብ ትችላለች። የሚያውቃት ሰው ሄዶ በዓይኑ ይያት። መልኳ የማይለይ ከሆነ ፓስፖርት ስታወጣ የሰጠችው የጣት አሻራ አለ፣ እሱም ካልሆነ ዲኤንኤ፤ ለዚያ ከእናት ወይም ከወንድም ናሙና ይወሰዳል። የሚሄድ ሰው ካጣችሁ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግበት አገልግሎት አለው፣ ክፍያ የለውም። ሙሉ ስሟን፣ ፎቶዋን፣ የመጨረሻ አድራሻዋን ይዘህ ጠይቃቸው።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ በየተራው ይመጣል። ሆስፒታሉ የሞት ማስረጃ ይሰጣል። በድብደባ የሞተች ስለሆነች የፖሊስና የአስከሬን መርማሪ ሐኪም ሪፖርትም ይኖራል። አምን አል-አም (የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት) ፋይሏን ይዘጋል። ቆንስላው ደግሞ ከእናንተ የዝምድና ማስረጃና አስከሬኑ እንዲመጣ መፈለጋችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ወይም ውክልና ይጠይቃል። የዝምድናው ከቀበሌ ይጀምራል፣ ከዚያ ተረጋግጦ ውጭ ጉዳይ ድረስ መሄድ አለበት። ይህ ዛሬውኑ በእጅህ ያለ ሥራ ነው፣ ጀምረው። ሞቷም እዚያው ቆንስላ ይመዝገብ፤ ለባንክም ለውርስም ነገ ትፈልጉታላችሁ።

ወጪው የከፊሉ ነው፣ ማለትም ኢቃማዋ በስሙ የወጣው አሠሪ። ኢቃማ ሲወጣ የሚገባው ኢንሹራንስ አስከሬን መመለስንም ይይዛል፣ ግን ጦርነትን የሚያገል አንቀጽ ይኖርበት እንደሆነ ቆንስላው ውሉን አስቀርቦ ይይላችሁ። ከአሠሪ ቤት ጠፍታ በፍሪላንስ የምትሠራ ብትሆን ነገሩ ይከብድ ነበር፤ ያንተ እህት ግን በከፊሏ ቤት እያለች ነው የሞተችው። ይህን ጽፋችሁ ያዙ። ያልተከፈላት ደመወዝ ካለም አብራችሁ ጠይቁ፣ ኋላ ማንም አይጠይቅላትም።

ካርጎ ላይ ያለሁ

እግዜር ያጥናችሁ። እኔ የምጨምረው የመንገዱን ነገር ነው።

በሰላሙ ጊዜ የኛ አየር መንገድ ቤይሩት ይበር ነበር፣ በዚህ በ2017 መጀመሪያ ጦርነቱ ሲበረታ ግን ቆሟል። በዚህ ሰሞን ከቤይሩት የሚነሣው ከሞላ ጎደል የሊባኖሱ ሚድል ኢስት አየር መንገድ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ አዲስ አበባ አይመጣም። ስለዚህ ሣጥኑ መሀል ላይ፣ ካይሮ ወይም ዱባይ ወይም ኢስታንቡል፣ ወደ ሌላ አውሮፕላን ይዛወራል። በየደረሰበት ወረቀቱ እንደ አዲስ ይታያል፣ የስሟ አጻጻፍ በሁሉም ላይ አንድ ካልሆነ እዚያው ይቆማል።

አስከሬኑ እንዳይበላሽ መድኃኒት ይወጋል። ከዚያ ውስጡ ዚንክ የሆነ ሣጥን ውስጥ ይገባና ጠርዙ ተበይዶ ይታሸጋል፣ ከላይ እንጨት ይሆናል። የሞት ማስረጃው፣ መድኃኒት የተወጋበትና የታሸገበት ማረጋገጫ፣ የቆንስላው ደብዳቤ፣ ዋና ዋናው ከሣጥኑ ጋር ነው የሚጓዘው። ገና ከቤይሩት ሳይነሣ ሁሉንም ፎቶ አንሥተው ይላኩላችሁ። ሂሳቡ በኪሎ ነው፣ ዚንኩም ይመዝናል።

ቦሌ የሚረከበው ሰው መታወቂያና ውክልና ይዞ ይጠብቅ። ከቦሌ አዘዞ (የጎንደር አየር ማረፊያ) በአገር ውስጥ በረራ ይቻላል፣ ግን መስመሩ ላይ ትንሹ አውሮፕላን ከተመደበ ሣጥኑ በጭነት በሩ መግባቱን በሴንቲሜትር ጠይቁ። በመኪና ካላችሁ 700 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ መንገዱም አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን የሚዘጋበት ጊዜ ነው። እኔ ብሆን አውሮፕላኑን እጠብቃለሁ።

እትዬ ከአርባዕቱ እንስሳ ሰፈር

ልጄ፣ እኔ ስለ እናትህ ነው የምጽፈው።

እሷ መሆኗ ሳይረጋገጥ ትንፍሽ እንዳትሉ። ከተረጋገጠ ግን አስከሬን እስኪመጣ አትጠብቁ። በዚህ ጦርነት ወር ይፍጅ ሁለት ወር ይፍጅ ማን ያውቃል? አገር ምድሩ ሰምቶ፣ ጎረቤቱ ሲያያት ፊቱን እያዞረ፣ እሷ ብቻ ለልጇ በርበሬ እያስፈጨች «የሚመጣ ሰው ካገኘሁ እልክላታለሁ» ስትል መስማት እንዴት ይቻላል? እናት ትጠረጥራለች ደግሞ። ዛሬስ ደወለች የምትልህ ሆዷ ነግሯት ነው።

ንስሐ አባቷን፣ የእድሩን ዳኛና የምትወዳትን ጎረቤት ይዛችሁ ማለዳ ሂዱ። ደም ግፊት ካለባት መድኃኒቷን መውሰዷን ቀድማችሁ እዩ። ለቅሶው በፎቶዋ ይቀመጥ፣ ድንኳኑም ይተከል። የፍትሐቱን ነገር ንስሐ አባቷ ይነግሯችኋል፣ አስከሬን ስለሌለ ጸሎት አይቀርባትም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የታሸገው ሣጥን አይከፈትም። እናት ግን ፊቷን ካላየሁ ትላለች፣ ሣጥኑን ይዛ ትወድቃለች፣ ጎረምሳው ሆዱ ባብቶ መፍቻ ያመጣል። ጎንደር ሳይደርስ ቁጭ ብላችሁ ንገሯት፣ የሚከለክላትም ሰው ይኑር።

እዚያው ትቀበር የሚሉትን ክፉ አሰቡ አትበላቸው። እነሱ የፈሩት እናትህ ስትጠብቅ እንዳታልቅ ነው። ቢሆንም ያለ ቤተሰብ ፈቃድ እንዳትቀበር አሁኑኑ ለቆንስላው በጽሑፍ አሳውቁ።

የቀሃ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ቴሌግራሙን ዘግተነዋል፣ የተዋጣው ብር በእድሩ ሒሳብ ሹም እጅ ነው።

ጓደኛዋ ሌላ የሀገራችን ልጅ ይዛ ሰይዳ ሄደች። እሷ ናት። በልጅነቷ የፈላ ሽሮ የፈሰሰባት የግራ ክንዷ ጠባሳ ነው ያስለያት። ፎቶውን ልካልኛለች፣ ለሌላ ሰው አላሳየሁም። መርዶው ከነገ ወዲያ ማለዳ ነው።

አሁን የገጠመን የስም ነገር ነው። ደላላው ነው ፓስፖርት ያስወጣላት፣ የአባቷንም የአያቷንም ስም ቀይሮ፣ ዕድሜዋንም ጨምሮ። ቀበሌው በእውነተኛ ስሟ ብቻ ነው የምጽፈው አለ። ቆንስላው ደግሞ የሚያውቃት በፓስፖርቱ ነው። ምን ይሻላል?

ቤይሩት የኖርኩ

ይሄ ብዙ ልጆች ላይ ያለ ነው፣ አትደንግጥ። ቀበሌው ልክ ነው፣ የማያውቀውን ስም እንዲጽፍ አትለምነው፣ ኋላ ሐሰተኛ ሰነድ ይሆንባችኋል።

ፍርድ ቤት ሂድና ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው እንዲረጋገጥ አመልክት። የፓስፖርቷ ኮፒ፣ የትምህርት ቤት ካርዷ፣ የክርስትና ማስረጃ ካላት እሱ፣ በሁለቱም ስም የሚያውቋት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። የፓስፖርት ኮፒ ከሌለህ በስሟ ብር የላከችበትን ደረሰኝ ፈልግ፣ እዚያ ላይ የፓስፖርቱ ስም አለ። ለዳኛው አስከሬን ማቀዝቀዣ ውስጥ እየጠበቀ መሆኑን በማመልከቻው መጀመሪያ ላይ ጻፍ፣ ቀጠሮ እንዲያጥርልህ። ውሳኔው ሲወጣ ከቀበሌው ደብዳቤ ጋር አያይዘህ ላክ። ሣጥኑና የጭነት ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የፓስፖርቱ ስም ነው፣ እሱን አታስቀይር። እውነተኛ ስሟ መቃብሯ ላይ ይጻፋል።

ቆንስላ የሚሄድ ሰው ካጣህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። እዚያ የቀሩ እህቶች አሉኝ፣ ከጓደኛዋ ጋር አብረው ይሄዳሉ።