የእናቴ ግፊትና ኩላሊቷ ምን አገናኛቸው?

የማሚ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ ግፊት እንዳለባት ካወቀች 6 ዓመት ሆናት፣ መድኃኒቱን ግን ራሷን ሲያማት ብቻ ነው የምትውጠው። ሰሞኑን ስትለካ 170/100 ሆነ፣ ሽንቷ ውስጥም ፕሮቲን ተገኘ። ሐኪሙ ኩላሊትሽ እየተነካ ነው ቢላት «ወገቤን አሞኝ አያውቅም» ብላ ድርቅ አለች።

ቀበና፦ ወገቡን ተወው ወንድሜ። ኩላሊት ብዙ እስኪጎዳ ድምፁን አያሰማም። ደም የሚያጣሩት ከፀጉር የቀጠኑ ሥሮች ናቸው፤ ግፊቱ ዓመታት ሲደበድባቸው ይጠባሉ፣ ፕሮቲን ያሾልካሉ። የተጎዳ ኩላሊት ደግሞ ጨውና ውሃ ይይዛል፣ ግፊቱ ይብሳል። ክሬቲኒኗስ (ኩላሊት የሚያጣራው፣ በደም ምርመራ የሚለካው ቆሻሻ) ስንት ሆነ?

የማሚ ልጅ፦ 1.5። ኢናላፕሪል የሚባል የግፊት መድኃኒት ታዞላታል፣ ጎረቤት ግን ኩላሊት ይጨርሳል ብላ አስፈራራቻት 😩

ነርሷ፦ ኧረ በተቃራኒው! ሽንቱ ፕሮቲን ላለበት ሰው ኩላሊት ጠባቂ ነው። መጀመሪያ ላይ ክሬቲኒን ትንሽ ከፍ ሊል ስለሚችል ነው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ እሱና ፖታሲየም ድጋሚ የሚታዩት። ደረቅ ሳል ከመጣባት ለሐኪሙ ትንገረው፣ ይቀይርላታል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ ለጉልበቷ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ትወስዳለች?

የማሚ ልጅ፦ እንዴት አወቅሽ? ቦርሳዋ ውስጥ አይጠፋም።

ነርሷ፦ በቃ እሱን አስጥላት። ግፊትም ይጨምራል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ለጉልበቷ ሌላ ነገር ሐኪሟን ጠይቁ።

ቀበና፦ ጨውም አለ። እኛ ቤት ሽሮው ሲፈጭ ጨው ይገባበታል፣ በርበሬውም እንደዛው፣ ከዛ ድስቱ ላይ ይደገማል። ዘንድሮ አባቴ ያለ ጨው አስፈጭቷል፤ ሁለት ሳምንት አኮረፍን፣ ከዛ ለመድን።