ልጄ የሰይፍ ግጥሚያ ልማር አለች፤ ከየት እንጀምር?

የአራት ኪሎ እናት፦
ልጄ 14 ዓመቷ ነው። የፓሪሱን ኦሎምፒክ ካየች ወዲህ የመጥረጊያ እንጨት ይዛ ሳሎን ውስጥ ታናሽ ወንድሟን ታሳድዳለች። እስካሁን ሁለት ብርጭቆና የአያቷ ፎቶ መስታወት ተሰብሯል። ፌንሲንግ ተምሬ ኦሎምፒክ እሄዳለሁ ትላለች። ጊዜው አልፎባት ይሆን? መሣሪያውንስ ከአሁኑ ልግዛላት?

ሻሞላው፦
እህቴ፣ ካይሮ ስማር አራት ዓመት ኤፔ በሚባለው የሰይፍ ዓይነት ገጥሜአለሁ። ዝነኛ አልነበርኩም፤ ሽንፈትን ግን በሚገባ አውቀዋለሁ። ጊዜው አላለፈባትም።

ሰይፉ ሦስት ዓይነት ነው። በፎይል ነጥብ የሚያስገኘው በጫፉ የሰውነትን ግንድ መንካት ነው። በሳብር የሚመታው ከወገብ በላይ ነው፤ በሰይፉ ጎንም መምታት ይቻላል። በኤፔ ከራስ ቁር እስከ ጫማ ያለው ሁሉ ይቆጠራል። በፎይልና በሳብር ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከተነካኩ ዳኛው «ጥቃቱ የማን ነበር?» ብሎ ይፈርዳል። በኤፔ ግን የሚናገረው ንክኪ ሲኖር የሚበራው መብራት ነው፤ በአንድ ጊዜ ከተነካኩ ሁለቱም ነጥብ ያገኛሉ። ዘግይቶ ለሚጀምር እኔ ኤፔን እመርጣለሁ።

ሰይፉን አሁን አትግዢ። መጀመሪያ እግር ነው። አሠልጣኜ ሦስት ወር ሙሉ ጓንት ብቻ ነበር ያስያዘኝ፦ እሱ ጓንቱን ከፍ አድርጎ ይለቀዋል፣ እኔ ወደ ፊት ተወርውሬ መሬት ሳይነካ እቀልባለሁ። እኔ አሁንም ማለዳ መስቀል አደባባይ ወርጄ የእግር ልምምዴን እሠራለሁ፤ የሚሮጡት ሰዎች እግሬን ያመመኝ ይመስላቸዋል። የመወዳደሪያው መስመር 14 ሜትር ነው፤ በጠመኔ ይሰመራል። የቴኒስ ኳስ በገመድ ስቀይላትና በእንጨቷ ጫፍ ትውጋው። ከሰው ጋር ግን ያለ ጭንብልና ያለ መከላከያ ጃኬት አንድም ቀን እንዳትገጥም።

የፒያሳ ልጅ፦
በሯጮች አገር ሰይፍ? ትራክ ላይ ብትወጣ ይሻላታል።

ሻሞላው፦
ወንድሜ፣ ግብፃዊው አላኤልዲን አቡልቃሲም በ2012 ለንደን ላይ በፎይል ብር ሲያገኝ በዚህ ስፖርት ለአፍሪካ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነበር። በፓሪስም ቱኒዚያዊው ፋሬስ ፌርጃኒ በሳብር ብር ወሰደ።

ፈተናው ሌላ ነው። የምድብ ግጥሚያ በሦስት ደቂቃ ውስጥ እስከ 5 ነጥብ ነው፤ ከዚያ እስከ 15 የሚደርስ ጥሎ ማለፍ ይከተላል። እኔ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ብቻ ስለማመድ ከርሜ የእነሱን አመል እንጂ ግጥሚያ አልተማርኩም ነበር። የመጀመሪያው ውድድር ላይ አንድ ግራኝ አምስት ጊዜ እጅ አንጓዬን ነካኝ፤ እኔ አንድም አልነካሁትም። ስለዚህ እህቴ፣ የሰይፍ ገንዘብ ሳይሆን የጉዞ ገንዘብ ነው የሚቆጠበው። ልጅቱ ከማታውቃቸው ብዙ ሰዎች ጋር መግጠም አለባት፤ ካይሮ ደግሞ ቅርብ ነው። ከ17 በታችና ከ20 በታች የራሳቸው ውድድር አላቸው።

የአራት ኪሎ እናት፦
ግቢው 14 ሜትር አልሞላም፤ 11 ሆነ። መስመሩን አሠምረናል። አከራያችን «ግንብ ልትሠሩ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።