ሐረር ጀጎልን በእግር፦ የትኛውን አስጎብኚ ልያዝ?

ሐረር ለመሄድ ያሰበ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በግንብ የተከበበችውን የድሮዋን ከተማ፣ ጀጎልን፣ ራሴ ልዙር ወይስ አስጎብኚ ልያዝ? ከያዝኩስ ከየት ላግኝ? መልሴ አጭር ነው። አስጎብኚ ያዙ። እዚያው ግንቡ ውስጥ ያደገ ቢሆን ይመረጣል። ቢያንስ ግማሽ ቀን መድቡ፤ መኪናችሁን ደግሞ ከበር ውጭ አቁሙ።

አስጎብኚ ያዙ የምለው መንገድ ይጠፋችኋል ብዬ አይደለም። ጀጎል ትንሽ ነው። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ዙሪያውን 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጠፋው ሰው ግንቡን ይዞ ከሄደ አንዱ በር ላይ ይወጣል። ችግሩ ሌላ ነው። የሐረር ውበት ያለው ከበር ኋላ ነው። ከመንገድ ላይ የሚታየው ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ የተቀባ አጥር ብቻ ነው። ግቢው፣ ቤቱ፣ አውልያው (የሙስሊም ቅዱሳን መዘከሪያው)፣ መድረሳው ሁሉ ውስጥ ነው፤ ሰውም ይኖርበታል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ቦታዎች እንዳሉበት ጽፏል። ይህ ሁሉ በዚያች ጠባብ ስፍራ ውስጥ ነው። ስለዚህ አስጎብኚን የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ ስንት በር አንኳኩቶ በሰላምታ ሊያስገባኝ ይችላል?

በዚህ ሚዛን አንደኛ የማስቀምጠው የክልሉ ፈቃድ ያላቸውን የከተማዋን አስጎብኚዎች ነው። በክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በኩል ወይም ባረፋችሁበት ሆቴል ታገኟቸዋላችሁ። መታወቂያ አላቸው፤ አሳዩን ብትሏቸው ቅር አይላቸውም። ከእነሱም ውስጥ ጌ ሲናን (የሐረሪዎችን ቋንቋ)፣ ኦሮምኛና አማርኛ እኩል የሚናገር ካገኛችሁ አትልቀቁት። ገበያ ውስጥ ከነጋዴዎቹ ጋር በኦሮምኛ ይጫወታል፣ ቤት ሲገባ በሐረሪ ሰላም ይላል፣ ለእናንተ ደግሞ በአማርኛ ያወራል። ጉብኝቱን ሕይወት የሚሰጠው ይኼ ነው።

ዋጋ ላይ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሦስት ነገር ጠይቁ። ሒሳቡ በሰው ነው ወይስ በቡድን? የሙዚየምና የቤት መግቢያ ተካቷል ወይስ ለብቻ ነው? ምሽት የጅብ ማብላቱ ይጨመራል? እነዚህ ሳይነሱ የተጀመረ ጉብኝት መጨረሻው ላይ ቅሬታ ያመጣል፤ ለአስጎብኚውም ለእናንተም ጥሩ አይደለም።

ሁለተኛው ምርጫ፣ በተለይ ቤተሰብ ይዛችሁ ለምትሄዱ፣ ጌ ጋር ውስጥ ማደር ነው። ጌ ጋር የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች ክፍል ያከራያሉ። እንደ ሆቴል ሁሉም ነገር አይሟላም፤ መታጠቢያ ቤቱ የጋራ ሊሆን ይችላል፣ ውኃም ሊቋረጥ ይችላል። ግን የቤቱ ሰው ራሱ ይዟችሁ ይወጣል፣ ካልሆነም ዘመድ ይጠራላችኋል። ጠዋት ቁጢ ይቀርብላችኋል፤ በቡና ቅጠል የሚፈላ ነው። አድራችሁ ከሆነ ቤቱን ራሱን በደንብ ታዩታላችሁ፤ ለእኔ ከሐረር ሁሉ ትልቁ ቅርስ እሱ ነው።

ስለ ቤቱ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ጎብኚ አሥር ደቂቃ ቆሞ ፎቶ አንስቶ ይወጣልና። ዋናው ክፍል ውስጥ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መቀመጫዎች አሉ። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። አንዱ ለአሚር ወይም ለትልቅ ሰው፣ አንዱ ለሽማግሌዎች፣ አንዱ ለልጆች ወይም ለተማሪዎች እየተባለ ይሄዳል። ሱትሪ ነደባ የሚባለው ደግሞ ከበሩ ዓይን የተከለለ ነው። ግድግዳው ውስጥ የተሠሩት መደርደሪያዎችና የተሰቀሉት የስፌት ሥራዎች ሁሉ የየራሳቸው ቦታና ምክንያት አላቸው። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይሏችኋል። ወለሉና ነደባው ቀይ ቀለም የተቀባው ጨለንቆ ላይ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ተብሎ ይነገራል። በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር የሐረሩን ገዥ የአሚር አብዱላሂን ጦር ያሸነፈበት ቦታ ነው ጨለንቆ። ይህን ሁሉ ቁጭ ብላችሁ፣ የቤቱን እመቤት እየሰማችሁ ብታዩት ነው የሚሻለው። የስፌት ሥራው የሴቶቹ ጥበብ ነው፤ እነሱው ሲናገሩለት መስማት አለባችሁ።

ጨለንቆን ካነሳሁ አይቀር፣ ጥሩ አስጎብኚን ከመካከለኛው የምለየው ፈረስ መጋላ የሚባለው አደባባይ ላይ ነው። አደባባዩ ላይ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ። የተሠራው ከ1879 ዓ.ም. በኋላ፣ ግብፆች ያሠሩት መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ግብፆች ሐረርን እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 ይዘዋት ነበር። አንዳንዱ አስጎብኚ ይህን ዘሎት ያልፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ አንዱን ወገን ብቻ ይዞ ያወራል። ሁለቱንም በአክብሮትና ሳይሸፋፍን የሚነግራችሁ ካገኛችሁ ጥሩ ሰው ይዛችኋል። የዚያች ከተማ ሰው አብሮ እየኖረ ያለው ይህን ሁሉ ታሪክ ተሸክሞ ነው።

ከፈረስ መጋላ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ግድር መጋላ ወደሚባለው ገበያ ውረዱ። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ስፌት መኪኖቹ በር ላይ ተደርድረው ይሠራሉ፤ ጨርቁን ገዝታችሁ እዚያው ማሰፋት ትችላላችሁ። ቀና ብላችሁ ደግሞ ፎቆቹን እዩ። ሰገነት ያላቸው ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች የሕንድ ነጋዴዎች ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ያመጡት አሠራር ናቸው። ከዚያ ሐረሪዎቹም የራሳቸውን ቤት ከሕንዱ ጋር እያዋሐዱ ሠርተዋል። ይህን የሚያሳያችሁ አስጎብኚ ካለ ጎዳናውን ስታዩት ሌላ ይሆንባችኋል።

ሁለቱ ታዋቂ ቤቶችም የሕንድ ነጋዴ እጅ ያለባቸው ናቸው። አንዱ የራምቦ ቤት የሚባለው ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ሐረር ውስጥ ነጋዴ ሆኖ ኖሯል፤ ቤቱ የተሠራው ግን እሱ ከሞተ በኋላ ነው። እዚህ ነው የኖረው ብሎ የሚምልላችሁ ካለ ሌላውንም ወሬውን ተጠራጠሩ። ቤቱ ለማየት ግን ይገባዋል። ጣሪያው በሥዕል ያጌጠ ነው፤ የድሮዋን ሐረር ፎቶዎችም ታያላችሁ። ሌላው የራስ ተፈሪ ቤት ነው። አሁን የሸሪፍ ሙዚየም አለበት። አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው ለዓመታት የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦችና የድምፅ ቅጂዎች አሉ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ሳላመነታ ይኼኛውን እላለሁ። አንድ ሰዓት ስጡት።

ሦስተኛው አማራጭ ከድሬዳዋ ተነስቶ በመኪና ደርሶ መልስ ነው። ርቀቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውሮፕላን ድሬዳዋ ለሚያርፍና ጊዜ ለሌለው ሰው ይሆናል። ግን በአብዛኛው በሐረር በር ገብቶ፣ አደባባዩን አይቶ፣ አንድ ቤትና አንድ ሙዚየም ጎብኝቶ መመለስ ነው። መሪው ሹፌሩ ብቻ ከሆነ አልመክረውም። ሐረር ስትደርሱ የአካባቢ አስጎብኚ እንዲይዝላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አራተኛዎቹ ፈረስ መጋላ ላይ ጠብቀው ላሳያችሁ የሚሉት ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ ተግባቢና ቀልጣፋ ናቸው፤ ሰፈሩንም ያውቁታል። ግን ፈቃድ የላቸውም፤ ጉብኝቱም አንዳንዴ ሱቅ ለሱቅ መዞር ይሆናል። እምቢ ስትሉ በትህትና ይሁን። አንዱ ሥራ ጀምሮ ሌላው እንዳይከተል ደግሞ ፈቃድ ያለው ሰው አብሯችሁ መሆኑ ብቻውን ይረዳል።

መነሻን በተመለከተ አንድ ምክር አለኝ። ሁሉም የሚጀምረው ከሐረር በር ነው። እሱ ለመኪና ሲባል በኋላ የተከፈተ ነው። እናንተ ከአምስቱ የጥንት በሮች በአንዱ ጀምሩ። እኔ ኤረር በርን እመርጣለሁ። በጠዋት የኦሮሞ ገበሬዎች ጫቱንና የጓሮውን ምርት ይዘው የሚገቡበት ነው፤ ከተማዋ ከዙሪያዋ ጋር እንዴት እንደምትኖር እዚያ ይታያል። ሸዋ በር ደጃፍ ያለው ገበያም ጥሩ ነው፤ ቅመሙና ዕጣኑ፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው አንድ ላይ ነው። ጊዜ ካላችሁ ቡዳ በርን፣ ሰንጋ በርንና ፈላና በርንም ጨምራችሁ ግንቡን በውስጥ በኩል ዙሩት።

ሰዓቱ ጠዋት ይሁን። ከምሳ በኋላ የበርጫ፣ ማለትም ጫት የሚቃምበት፣ ሰዓት ነው፤ ብዙ በር ይዘጋል፣ ሰውም ያርፋል። ዓርብ ደግሞ የጁምዓ ሶላትን አስቡ። ሴቶች ሻሽ ወይም ነጠላ ያዙ፤ አውልያ ቦታ ስትገቡ ጫማ ይወልቃል። ጁምዓ መስጊድ ውስጥ ሙስሊም ያልሆነ ሰው መግባት ስለማይችል አስጎብኚውን አታስጨንቁት። ገበያ ውስጥ ያሉ እናቶችን ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ፤ እምቢ ካሉም ብር እያወጣችሁ አትለምኗቸው። ገዝታችሁ፣ ትንሽ ተጫውታችሁ ከጠየቃችሁ ብዙዎቹ ይስቁና ይፈቅዳሉ።

ለምሽቱ የጅብ ማብላት አስጎብኚ የግድ አያስፈልግም። ሲመሽ ባጃጅ ይዛችሁ ፈላና በር ወይም ሰንጋ በር በኩል ወዳለው ማብያ ትሄዳላችሁ። ልጆች ካሉ ይወዱታል። የቀኑን የእግር ጉዞ ሰርዛችሁ ለእሱ ብቻ እንዳትሄዱ እንጂ።

ሹዋሊድን ለማየት የምታስቡ ደግሞ ከወዲሁ አስጎብኚም ማደሪያም ያዙ። በዓሉ ከኢድ አል ፊጥር በኋላ ከሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ቀጥሎ ነው የሚከበረው። በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከገባ ወዲህ እንግዳው በርክቷል፤ በዚያ ሰሞን ጀጎል ውስጥ ክፍል ማግኘት ይከብዳል።