ውስጡ ፎም የሆነ ኬክ እንደ ኬክ ጥበብ ሊዳኝ ይችላል?

ጥያቄ፦
ኬክ ማስዋብን እንደ ኪነ ጥበብ የምታዩ ባለሙያዎች አስተያየታችሁን ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል። ለዕይታ ከሚቀርቡት ትልልቅ ሥራዎች ብዙዎቹ ላያቸው በስኳር የተሸፈነ፣ ውስጣቸው ግን ፎም፣ ሽቦና እንጨት ነው። ውበታቸውን አልክድም፤ ነገር ግን ተቆርሶ የማይበላ ኬክ ከቅርጻ ቅርጽ በምን ይለያል? ጣዕሙስ የጥበቡ አካል አይደለም?

መልስ 1፦
ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ከ1784 እስከ 1833 እ.ኤ.አ. የኖረው ፈረንሳዊው የጣፋጭ ምግብ ባለሙያ አንቶናን ካሬም የሕንፃ ንድፎችን እያጠና ቤተ መቅደሶችንና ፍርስራሾችን ከስኳርና ከማርዚፓን (ከለውዝና ከስኳር ከሚዘጋጅ ሊጥ) ይገነባ ነበር፤ እነዚያም ሥራዎች በዋናነት የግብዣ ማዕድ ማስጌጫዎች ነበሩ። ስለዚህ አለመበላቱ ብቻውን ሥራውን ከሙያው የሚያስወጣው አይመስለኝም። የእኔ መመዘኛ ሠሪው የስኳርን ጠባይ ምን ያህል አውቆታል የሚለው ነው። የኬክ አስዋቢው ጆሴፍ ላምቤት ያስፋፋውን የአይሲንግ አሠራር ልብ ይበሉ፦ ከእንቁላል ነጭና ከስኳር ዱቄት የተዘጋጀው አይሲንግ በቀጭን መስመር ይሳላል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ከዚያ በላዩ ላይ ሌላ መስመር ይደረባል፤ እንዲህ እየተደራረበ ጥላ የሚጥል ጌጥ ይወጣዋል። ሠሪው ቸኩሎ እርጥቡ ላይ ከደረበ መስመሮቹ ተደፍጥጠው ይቀላቀላሉ። ይህን ትዕግሥት ከሥሩ ያለው ፎም አይተካውም።

መልስ 2፦
በከፊል ብቻ እስማማለሁ፤ ምክንያቱም ፎም ሠሪውን ከሙያው ከባዱ ፈተና፣ ከክብደት፣ ነጻ ያወጣዋል። እውነተኛ ኬክ ለስላሳ ነው፤ በላዩ ሌላ ሲጫንበት ይሰምጣል፣ ክሬሙም በጎን ይወጣል። ባለ ብዙ ደርቡን ኬክ የሚያቆመው በየደርቡ ሥር የሚገባው ሰሌዳና ክብደቱን ወደ ታች የሚያስተላልፉት ዘንጎች ናቸው፤ ይህን አስልቶ ማቆም በራሱ የጥበቡ አንድ ክፍል ነው። ጣዕሙንም በተመለከተ፣ ወፍራም ፎንዳንት (ኬክ የሚሸፈንበት የስኳር ሊጥ) ተልጦ ሳህን ጠርዝ ላይ ሲቀር ማየት ያሳዝነኛል። ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሳስቶ ከተዳመጠ ግን ኬኩን ይሸፍናል፣ በአፍም አይከብድም። ለመበላት ተሠርቶ የማይበላ ጌጥ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለእኔ ጎደሎ ነው። ለዕይታ ብቻ የተሠራው ደግሞ እንደዚያው ተብሎ ቢቀርብ ቅሬታ የለኝም።

መልስ 3፦
ስለ ሽቦው ልጨምር። የስኳር አበባ የሚሠራው ሲደርቅ ከሚጠነክር የስኳር ሊጥ ነው፤ የእያንዳንዱ ቅጠል ጠርዝ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ በክብ መሣሪያ ይሳሳል፣ ከዚያም ጎበጥ ባለ ነገር ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። እንዲህ የሳሳ ቅጠል ያለ ሽቦ ከሌሎቹ ጋር ተያይዞ ሊቆም አይችልም፤ ስለዚህ ሽቦውን እንደ ማጭበርበር አልቆጥረውም። ሊነቀፍ የሚገባው በቀጥታ ኬኩ ውስጥ መሰካቱ ነው። ሽቦው ለምግብ በሚሆን ትንሽ ቱቦ ውስጥ ይግባ፣ ቱቦው በፎንዳንት ይደፈን፣ ኬኩ ከመቆረሱ በፊትም አበባዎቹ ከነቱቦዎቻቸው ተቆጥረው ይነሡ። አበባ ያለበትን ኬክ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥም አይመከርም፤ ስኳሩ እርጥበት እየሳበ ሳስቶ የነበረው ጠርዝ ይለዝብና ይወድቃል።