የቀድሞ የማሽላ ማሳን ለአዕዋፍ መኖሪያ ስለ ማዋል

ቦርከና ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ አባቴ ለብዙ ዓመታት ማሽላ ያመርቱበት የነበረ ሁለት ጥማድ ያህል መሬት አለን። እርሳቸው ካረፉ ወዲህ ሳይታረስ ሦስት ክረምት አልፎታል፤ የላይኛው ተዳፋት አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ ወጥቷል፣ የታችኛውን ደግሞ ቅንጬ የሚባለው አረም ወርሶታል። እናቴ ባሕር ዛፍ ይተከልበት ይላሉ። እኔ ግን በልጅነቴ ማማ ላይ ሆኜ በወንጭፍ ሳባርራቸው የኖርኩትን ወፎች አሁን ማስጠጋት እፈልጋለሁ። ምን ዓይነት ችግኝ ብተክል ይሻላል? ጎረቤቶቻችን ግን «ወፍ ልታራባብን ነው» ብለው ቅር ተሰኝተዋል።

ጦሳ ሥር፦
ወንድሜ፣ ከችግኙ በፊት ከብቱን ያስቡ። ተዳፋቱን ለጥቂት ዓመታት ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ካደረጉት አጋሙ፣ ቀጋውና ክትክታው ራሱ ይመለሳል። ፍሬ በል ወፎች የወይራና የሾላ ዘር ከሌላ ቦታ በልተው ባረፉበት ሥር ስለሚጥሉ፣ ማረፊያ እንዲሆናቸው ጥቂት የደረቁ ግንዶችን ማቆም ብቻ ብዙ ችግኝ ከመግዛት ያድናል። መትከል ካስፈለገ ዋንዛና ሾላ ይቅደሙ። ባሕር ዛፍ ላይ ጭላት ጎጆ ስትሠራ አይቻለሁ፤ ይሁን እንጂ ሥሩ ቁጥቋጦ ስለማያበቅል ለትንንሾቹ ወፎች መሸሸጊያ አይሆንም።

የግብርና ባለሙያ፦
ቅንጬው ሳያብብ በእጅ መነቀል አለበት፤ ቆዳን ስለሚያሳክክ ጓንት አይርሱ። የጎረቤቶችዎ ስጋት በከንቱ የመጣ አይደለም፣ ነገር ግን ማሽላን የሚያጠፋው ግሪሳ ከቆላው በመንጋ የሚመጣ እንጂ ሾላ ፍሬ ፍለጋ የሚመጣ ወፍ አይደለም። በማሳቸው ድንበር በኩል እሾሃማ ቁጥቋጦ ሳያበዙ ሣር ብቻ ቢተዉ፣ ሣሩንም አጭደው ለከብቶቻቸው እንዲወስዱ ቢፈቅዱላቸው ቅሬታው ይበርዳል። መሬቱ ጦም አደረ እንዳይባል ደግሞ ለቀበሌው የመሬት አስተዳደር አስቀድመው ያሳውቁ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ ሳይሆን ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንዲውል ደንግጎ ስለነበር፣ የላይኛውን ክፍል በመኖና በዛፍ ልማት ማቅረብ ለባለሙያው እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ጦሳ ሥር፦
በአጨዳው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የመስቀል ወፍ በመስከረም ብቻ የምትታየው ከሩቅ አገር መጥታ ሳይሆን ወንዱ በክረምት ላባውን ስለሚቀይር ነው፤ ጎጆ የሚሠራበትም ወቅት ያው ነው። ስለዚህ ሣሩ ጥቅምት ሳያልቅ ባይታጨድ፣ ከታጨደም በኋላ አንድ ጥግ እንዳለ ቢቀር ጥሩ ነው።

ቦርከና ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ ለማገዶ የሚሆን ሃያ እግር ባሕር ዛፍ በመንገዱ በኩል ካልተተከለ አልስማማም ብለዋል፤ እሱን ተቀብዬ የቀረውን በሚመጣው ሳምንት ማጠር እጀምራለሁ።